እኔና አንቺ የጠረግነው ቅጠል

እማዬ፣ የኔ እናት፣

ከተለየሽኝ ሁለት ክረምት ገብቶ ወጣ፣ እንዴት እንዳለፈ እኔ እንጃ። ቤቱ ያው ነው፣ ጣሪያው ብቻ ተቀየረ፣ የሸክም ገመድሽ አሁንም ሚስማሩ ላይ ነው፣ ማንም አይነካውም።

ትምህርት ገባሁ እኮ። ከሰባተኛ ያቋረጥኩት እኔ፣ ለሰፈር ወጣት ሦስት ወር ስለ አካባቢ ያስተምራሉ ሲሉ ሄጄ ተመዘገብኩ። አንድ አስተማሪ መስሎኝ ነበር፣ አራት ናቸው። ሁሉም የሚያወሩት ግን ስለ እንጦጦ ነው፣ ቅጠል ጠርገን ለማገዶ ስንሸጥበት ስለኖርነው ስለ እኛ ጫካ። የአፈሩ አስተማሪ ቅጠሉ ተጠርጎ ሲያልቅ ዝናቡ መሬቱን ራቁቱን ያገኘዋል፣ ጎርፍ ሆኖ ታች ሰፈር ይወርዳል አለ። የሕጉ አስተማሪ መጥረግ ክልክል ነው አለ። አንዷ ደግሞ ቅጠል የሚሸከሙት ሴቶች ሌላ ምን ሠርተው ይብሉ አለች። የጤናዋ ሸክም ስለሚያጎብጠው ወገብ ስታወራ አንቺ መጣሽብኝ፣ በቃ ደብተሬ ላይ አለቀስኩ። አንዱን ስሰማ ልክ ነው እላለሁ፣ ሌላውን ስሰማ እሱም ልክ ነው፣ ጭንቅላቴ ዞረ።

ትዝ ይልሻል፣ ትንሽ ሆኜ ከመንገዱ በላይ ያለውን ቅጠል ልጠርግ ስል እጄን መታ ያረግሽኝ? ያን ተይው፣ ክረምት እንዳትንሸራተቺ እግርሽን የሚይዝልሽ እሱ ነው አልሽኝ። እኔ ደክሟት ነው ብዬ ሳቅኩብሽ። ድንጋዩ ላይ አረፍ ብለን በቆሎ ስንበላ ትልቁን ግማሽ ለኔ ሰጥተሽ ጥርሴን አመመኝ ትይ ነበር። ከዛ እጅሽን ጎትቼ አስነሳሻለሁ፣ ያን ሁሉ ሸክም ይዞ ብቻውን የሚነሳ የለማ። ሌላውን ቦታ ግን ጠርገነዋል እማ፣ መሬቱ እስኪታይ፣ ምን እናድርግ።

አሁን ፈራሁ። ባለፈው ክረምት ጎርፉ የእትዬ ተዋበችን ግድግዳ ወሰደው፣ አብረውሽ ይሸከሙ የነበሩት እትዬ፣ ዛሬም የሚኖሩት በዛው ቅጠል ነው። ቅዳሜ ጎርፉ ለምን እንደመጣ በሰፈሩ ሰውና በቀበሌ ሹሞች ፊት ተነስቼ የምናገረው እኔ ነኝ፣ ከክፍሉ እኔን መረጡኝ። በቅጠሉ ነው ካልኩ ሴቶቹን ሊያስቆሟቸው ነው። ዝም ካልኩ ደግሞ የሚመጣው ክረምት ሰው ይዞ ይሄዳል። ትናንት እትዬ ተዋበች መንገድ ላይ አግኝተውኝ «አንቺ ልጅ፣ ተምረሽ ልታሳስሪን ነው አሉ» ብለው ሳቁ።

አስቤ አስቤ የምለውን አገኘሁ። እነሱ ጠረጉ አልልም፣ እኔና እናቴ ጠርገናል እላለሁ። ከመከልከላችሁ በፊት አራቱንም አስተማሪ ከሴቶቹ ጋር አንድ ላይ አስቀምጧቸው፣ የቱ ቅጠል እንደማይነካ ሴቶቹን ጠይቋቸው፣ ምን እንደሚበሉም አብራችሁ አስቡ እላለሁ። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ይሆናል፣ ይንቀጠቀጥ።

እናቴ ቅጠል ተሸካሚ እንደነበረች እስከዛሬ ክፍል ውስጥ ደብቄያለሁ፣ ይቅር በዪኝ። ቅዳሜ ስምሽን ጠርቼ ነው የምጀምረው። ከዛ በኋላም፣ የፈለገውን ያህል ብማር፣ የማን ልጅ ነሽ ላለኝ ሁሉ አንቺን ነው የምነግረው።

ልጅሽ ብዙዬ