ከቱርኮች ምሽግ የተቀበልኩት አደራ

ከሚሴ፣ ቅዳሜ፣ ጥር 17

ለሰው ያልተናገርኩትን ጉዴን እዚህ ላውጣው። ለኡምራ በሄድኩበት አገር የጥንት የቱርክ ወታደሮች ምሽግ አሁን ሙዚየም ሆኗል አሉና ልጎበኝ ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ስደርስ ጫማዬን አወለቅኩ! ያን አሮጌ ግንብ ሳይ ለዚያራ የምንሳለመው የወልይ ደጅ የደረስኩ መሰለኛ። ይባስ ብዬ መድፉ ፊት ቆሜ ዱዓ ጀመርኩ። ዘበኛው በሳቅ ሊሞት ደረሰ።

ወለል የምትወለውለው ልጅ ግን መወልወያዋን ጥላ እየሮጠች መጣች።

"አካም ጅርቱ እትዬ! የእኛ አገር ሰው ነዎት አይደል? እዚህ ጫማ የሚያወልቅ ሌላ ማን አለ!"

ሙና ትባላለች፤ የጎረቤታችን የሰንበቴ ከተማ ልጅ ናት። ስለ እናቷ ስጠይቃት ሳቋ ጠፋ። ከቤት የወጣችው ሳትሰናበታቸው ነው፤ እሳቸውም አኩርፈው ስልኳን አያነሱም። አሁን የሚያገባት ደግ ሰው አግኝታለች። እሷ ግን እናቴ ሳትመርቀኝ ኒካህ አላስርም ብላ ድርቅ ብላለች።

"እማዬ ሰንበቴ ገበያ ቅቤ ትሸጣለች። 'አፉ በይኝ ብላለች' ይበሉልኝ" አለችኝ፣ እጄን አልለቅ ብላ።

የሰንበቴ ገበያ ነገ ነው። በመጽሔት ዓምዴ ስንቱን ባልና ሚስት ያስታረቅኩ ሴት፣ ለአንዲት ቅቤ ሻጭ እናት የምለው ጠፍቶኝ ተቀምጫለሁ። ቅቤ እየገዛሁ ልጀምር? ወይስ የሙናን ስም እንደጠራሁ ይቆጡኝ ይሆን? ያ ረቢ፣ ልባቸውን አራራልኝ። መረቋትም፣ ፊታቸውን አዞሩብኝም፣ ከጎረቤት ሁሉ በፊት የምነግረው ለዚህ ደብተር ነው።