የመረብ ኳስ ተጫዋቿ የቤት ሠራተኛ፦ የወ/ሮ ሰብለወርቅ አምባው የሕይወት ታሪክ

ወ/ሮ ሰብለወርቅ ከባቡር ሠራተኛው ከአቶ አምባው ተሰማና ከወ/ሮ አልጋነሽ በየነ በ1967 ዓ.ም. በሚኤሶ ከተማ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለው የሠራተኞች ቤት ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። ቁመታቸው ከእኩዮቻቸው ቀድሞ ስለተመዘዘ እናታቸው «ይህቺ ልጅ ጣራውን ልታፈርስብኝ ነው!» እያሉ ይሥቁ ነበር።

ትምህርታቸውን እዚያው ሚኤሶ ጀምረው ሁለተኛ ደረጃን በድሬዳዋ አጠናቀቁ። በ1985 ዓ.ም. መምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ገብተው የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ተከታተሉ፤ በገቡ በዓመቱም የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን አምበል ሆኑ። አጎቶቻቸው ይህን ሲሰሙ «ሴት ልጅ በቁምጣ ሜዳ ላይ?» ብለው ሽማግሌ እስከመላክ ደርሰው ነበር። አባታቸው ግን «ልጄ የምትሮጠው ኳስ ይዛ ነው፤ የሰው ንብረት ይዛ አይደለም» ብለው ሽማግሌዎቹን በመጡበት መለሷቸው።

በቡድኑ ኳስ አቀባይዋ ወ/ሮ ኤሌኒ ነበሩ። ሁለቱ በአንድ ክፍል አድረው፣ ጫማ ተዋውሰው የተጫወቱ የልብ ጓደኛሞች ናቸው። አሠልጣኛቸው ደግሞ ሌት ተቀን የሚደጋግሙት አንድ ነገር ነበራቸው፤ «ኳሱ መሬት ከሚነካ አንቺ መሬት ንኪ» ይሉ ነበር። ወ/ሮ ሰብለወርቅ ይህን ከማንም በላይ ተካኑበት። ተወርውረው ወድቀው፣ ኳሷን አንሥተው፣ አቧራቸውን ሳያራግፉ ይቆሙ እንደነበር ያዩዋቸው ይመሰክራሉ።

በዲፕሎማ ተመርቀው በትውልድ ከተማቸው መምህርት ሆነው ሳለ፣ በ1991 ዓ.ም. አንድ ደላላ ጅቡቲ የስፖርት መምህርት ይፈለጋል አላቸው። ተማሪዎቻቸው ጣቢያው ድረስ ወጥተው፣ ፊሽካ በስጦታ አንገታቸው ላይ አጥልቀው፣ እየዘፈኑ ሸኟቸው። ደላላው ያለው ሥራ ግን አልነበረም። ፈረንሳይኛ የማይናገር መምህር የሚቀጥርም አልተገኘም። መመለስስ? ያ ሁሉ ሰው ዘፍኖ ሸኝቶ በምን ፊት ይመለሱ!

ስለዚህ በጅቡቲ ከተማ ሄሮን በሚባለው ሠፈር፣ በማዳም ዙሌይካ ቤት፣ አዳሪ የቤት ሠራተኛ ሆነው ተቀጠሩ። ወደ ቤታቸው ግን «ማስተማር ጀምሬያለሁ» ብለው ላኩ። በአንድ ትምህርት ቤት አጥር ሥር ፊሽካቸውን አንጠልጥለው የተነሡትን ፎቶም አብረው ሰደዱ። አባታቸው ፎቶውን ጣቢያው ቢሮ ግድግዳ ላይ ሰቀሉት፤ ባቡር የሚጠብቅ መንገደኛ ሁሉ ጅቡቲ ስላለችው አሠልጣኝ ልጃቸው ሳይሰማ አይሳፈርም ነበር። ይህ ወሬ ጅቡቲ በደረሰ ቁጥር ወ/ሮ ሰብለወርቅ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው ይመኙ ነበር። ታናሽ ወንድማቸው ደጀን፣ የዚህ ጽሑፍ ጸሐፊ፣ ከዚያ ቤት በሚልኩት ደመወዝ ተምሮ መሐንዲስ ሆነ።

በ1996 ዓ.ም. ማዳም ዙሌይካ ከአዲስ አበባ ለመጡ ነጋዴዎች ምሳ ጋበዙ። ወ/ሮ ሰብለወርቅ ሳህን ሊያነሡ ሲገቡ፣ ከእንግዶቹ የአንዷ ክንድ የጭማቂውን ማንቆርቆሪያ ከጠረጴዛው ጫፍ ገፋው። እሳቸው አላሰቡበትም፤ ሰውነታቸው ራሱ ሄደ። በደረታቸው ተወርውረው ማንቆርቆሪያውን ከወለሉ ጥቂት ከፍ ብሎ ሳለ ቀለቡት። እንግዳዋ ከወንበራቸው ብድግ ብለው «ሰብልዬ! አንቺ ነሽ እንዴ?» አሉ። ወ/ሮ ኤሌኒ ነበሩ።

ወ/ሮ ሰብለወርቅ ወለሉ ላይ እንዳሉ፣ ሽርጣቸውን እያዩ፣ «አይደለሁም እመቤቴ፤ ከሰው ጋር ተመሳስዬብዎት ነው» ብለው መለሱ። እንግዶቹ ሣቁ። ማዳምም «ሠራተኛዬ ጎል ጠባቂ ናት!» ብለው አብረው ሣቁ። ወ/ሮ ኤሌኒ ግን አልሣቁም፤ ከመሄዳቸው በፊት ማድ ቤቱ በር ላይ መጥተው ቆሙ። ወ/ሮ ሰብለወርቅ ጀርባቸውን ሰጥተው የታጠበውን ድስት መልሰው ያጥቡ ጀመር። ወ/ሮ ኤሌኒ «ይቅርታ እህቴ፤ እንደሷ የሚወድቅ ሰው ሌላ አይቼ ስለማላውቅ ነው» ብለው ሄዱ። ወ/ሮ ሰብለወርቅ ቧንቧውን ከፍተው አለቀሱ። በኋላ እንደተናገሩት፣ ቤት መጥረጋቸው አሳፍሯቸው ነበር፤ እንደ እህት የሚያዩዋትን ጓደኛቸውን መካዳቸው ግን የባሰ አሳፈራቸው።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ሥራ በማይኖርበት ዓርብ ዓርብ፣ በከተማው አርሂባ ሠፈር ባዶ ቦታ ላይ ከወደብ የተጣለ የዕቃ መረብ ወጥረው የቤት ሠራተኞችን ማጫወት ጀመሩ። ወደ የመን ለመሻገር የሚጠብቁ ልጆችም ይቀላቀሉ ነበር፤ አንዳንዷ በሳምንቱ አትገኝም። መጀመሪያ አወዳደቅ አስተማሯቸው። ከዚያም ኳስ የምታነሣ ሁሉ የራሷን ስም እንድትጠራ ደንብ አወጡ። ልጆቹ ሰው እንዳይሰማቸው ሲያንሾካሹኩ «ስምሽ ነው እኮ፤ የሰረቅሽው ነው እንዴ? ጮክ በይ!» እያሉ ይቆጧቸው ነበር። ለምን እንደዚያ እንደሚቆጡ የሚያውቅ አልነበረም።

በ1999 ዓ.ም. ከከባድ መኪና ሾፌሩ ከአቶ ገብረኪዳን ጋር ጋብቻ መሥርተው ልጃቸውን ውዴን አፈሩ፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ከባድ መኪኖች በሚቆሙበት ፔካ 12 ላይም ለሾፌሮች ምግብ ቤት ከፈቱ። በአርሂባ ሜዳ ያዩዋቸው አንድ የትምህርት ቤት ኃላፊ፣ ፈረንሳይኛም ለምደው ስለነበር፣ በ2003 ዓ.ም. የሴት ተማሪዎች አሠልጣኝ አድርገው ቀጠሯቸው። ውሸታቸው እውነት ሆነላቸው ማለት ነው፤ እሳቸው ግን ፊሽካውን በነፉ ቁጥር ያ ፎቶ ትዝ እያላቸው ይሸማቀቁ ነበር። በምግብ ቤቱ የሚያልፍ ሾፌርን ሁሉ ስለ ወ/ሮ ኤሌኒ ጠይቀዋል። ማዳም ዙሌይካን መጠየቅ ይቀል ነበር፤ እሱን ግን ኀፍረት አላስደፈራቸውም።

በ2009 ዓ.ም. የጡት ካንሰር ሲጠናባቸው፣ እናታቸው ቀድመው አርፈው ስለነበር፣ አባታቸውንና ወንድማቸውን አስጠርተው ሁሉንም ነገሯቸው። አቶ አምባው «እኔ ነኝ ማፈር ያለብኝ፤ ከየት እንደመጣ ሳልጠይቅ በላሁ» ብለው የልጃቸውን እጅ ሳሙ። ወንድማቸውም በእሳቸው የቤት ሠራተኝነት ጉልበት እንደተማረ ያወቀው ያን ዕለት ነው፤ ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም።

ቤተሰቡ ሙት ወቃሽ እንዳይሆን ይህን ሁሉ ሊተወው ነበር። እሳቸው ግን «ደግ ነበረች፣ መምህርት ነበረች ብቻ ብላችሁ እንዳታስነብቡብኝ። የቤት ሠራተኛ ነበርኩ በሉ። ሰው ክጄአለሁ በሉ» ብለው አስምለዋል። ስለሆነም እንዳሉት ተጽፎ፣ አባታቸው ባሉበት ይነበባል።

ወ/ሮ ሰብለወርቅ ነሐሴ 6 ቀን 2009 ዓ.ም. በተወለዱ በ42 ዓመታቸው በጅቡቲ ከተማ አርፈዋል። አባታቸውን፣ ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ ወንድማቸውንና ዛሬ አስከሬናቸውን የተሸከሙትን የአርሂባ ልጆች ትተው ሄደዋል።

እንዲሁም ወ/ሮ ኤሌኒን። ከዚህ ለቀስተኛ መካከል ወ/ሮ ኤሌኒን የሚያውቅ ካለ፣ ወይም እሳቸው ራሳቸው ካሉ፣ ሟች በመጨረሻ ያዘዙት መልእክት ይኸው፦ «ኤሉዬ፣ አልተሳሳትሽም። እኔ ነበርኩ።»

የካዱትን ስማቸውን አምላክ በመንግሥቱ ጮክ ብሎ ይጥራው።