ለጁፒተር ጨረቃዎች የዘብ ተራ ላወጡት ካፒቴን

ጥቅምት ፳፯ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.፣ ጉለሌ

ይድረስ ለክቡር የምሽጋችን አዛዥ፤ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ጎረቤቴ ለሜሳ በእኔ ጥፋት ከታሰረበት፣ ከዛሬ አሥራ አንድ ቀን ወዲህ እህል አልዋጥልኝ ከማለቱ በቀር ደኅና ነኝ። የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ በገበያው ዋርካ ላይ የለጠፍኩት ሰፈሩ ሁሉ አስተዋይነትዎን እንዲያውቅልዎ ብዬ ነው።

፩ኛ፦ ወታደሮችዎ ከለሜሳ ቤት የወሰዱት የካርቶን መነጽር የእኔ ነው። ሰዓት ሠሪው አርመን አገር ጥሎ ሲሄድ በርካሽ የሸጠልኝ፣ ለጀማሪ የሚሆን የኮከብ ማያ ነው። የእኔን ግቢ ባሕር ዛፍ ስለጋረደው ሲመሽ ከለሜሳ ደጅ ተክዬ አይበት ነበር። ሁሉን ገልብጦ ስለሚያሳይ፣ ምሽግዎን ልሰልል ብል እንኳ ወታደሮችዎን የማያቸው ተዘቅዝቀው ነበር።

፪ኛ፦ ከመነጽሩ ጋር በወሰዱት ደብተሬ ላይ ያለው ክብና በየምሽቱ ቦታ የሚለዋውጡት አራት ነጥቦች፣ ፈረንጆች ጁፒተር የሚሉት ኮከብና ጨረቃዎቹ ናቸው። የምሽጉ ዘበኞች ናቸው ብሎ ለተረጎመልዎ ጸሐፊ ምስጋናዬ ይድረሰው፤ እንደነሱ ተራውን የሚጠብቅ ዘበኛ ቢኖርዎ ኖሮ ባለፈው ወር በቅሎዎችዎ ባልተሰረቁ ነበር።

፫ኛ፦ ሰላይ ብለው ያሰሩት ለሜሳ ዓይኑ ከደከመ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ኮርቻ መስፋት የተወውም መርፌው አልታይ ብሎት ነው። በዚያ መነጽር አንድም ኮከብ አይቶ አያውቅም። እኔ እያየሁ እነግረው ነበር፣ እሱም ደስ ይለው ነበር።

፬ኛው አቤቱታ በእርስዎ ላይ አይደለም። ወታደሮችዎ ደብተሩን አንስተው የማን እንደሆነ ሲጠይቁ ከሰዉ መሀል ቆሜ ነበር። ለሜሳ በሳሌ ስለሚያውቀኝ እንዳላስል አፌን በጋቢዬ አፈንኩ። እሱም ስሜን ሳይጠራ ሄደ። ምነው ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

ስለዚህ ነገ ጠዋት በሦስት ሰዓት ከምሽግዎ በር እገኛለሁና እሱን ፈተው እኔን እንዲያስገቡ በትሕትና አመለክታለሁ።

ለእርስዎ እጅ የምነሳ፣ የለሜሳን ደጅ ግን ቀና ብዬ ማየት ያፈርኩ፣
ዓምሃ የሺጥላ

ከላይ ሳልጽፈው የቀረ፦ ቃሌን ከተጠራጠሩ የደብተሩን የእጅ ጽሕፈት ከዚህ ደብዳቤ ጋር ያስተያዩ። ያም ካላረካዎ ሦስት ጣትዎን ለሜሳ ፊት ዘርግተው ስንት እንደሆኑ ይጠይቁት፤ እንዲህ ያለ ምርመራ ለጸሐፊዎም አይከብደውም። ነገ በበሩ ስንተላለፍ ግን፣ እባክዎ፣ አንድ ጊዜ እንዳስል ይፍቀዱልኝ።