አረንጓዴ ወረቀት የተለጠፈበት በር እንዲንኳኳ

ኅዳር 3 ቀን 2005 ዓ.ም.
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ለስታርሊንግ ኮርት አፓርታማ ኢትዮጵያውያን ነዋሪዎች ማኅበር
የአደጋ ዝግጅት ኮሚቴ
ለሰብሳቢዋ ለወይዘሮ ሰርክአዲስ

ጉዳዩ፦ ከአራተኛ ፎቅ በጎ ፈቃደኛነት መሰናበቴ እንዲሰረዝና የሁለቱ ወረቀቶች ደንብ እንዲሻሻል ስለመጠየቅ

ክብርት ሆይ፣

1. እኔ አመልካች በዚህ ሕንፃ በቁጥር 412 የምኖር የሰባ አራት ዓመት ሰው ነኝ። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ማንበብ የተማርኩት በራሴ ነው። ይህን የማነሣው ለመኩራራት ሳይሆን፣ ኮሚቴው ያደለንን የአውሎ ነፋስ መመሪያ መዝገበ ቃላት ይዤ ከዳር እስከ ዳር ሁለት ጊዜ ያነበብኩ መሆኔ እንዲታወቅ ነው። ከኮሚቴው አባላት ስንቱ እንዳነበበው አልጠይቅም።

2. አውሎ ነፋሱ ሳንዲ ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው ለየቤቱ ሁለት ወረቀት ታደለ። ነፋሱ ባለፈ ማግስት ደህና የሆነ አረንጓዴውን፣ እርዳታ የሚፈልግ ቀዩን በሩ ላይ እንዲለጥፍ ተነገረ። በጎ ፈቃደኛውም ቀዩን እንዲያንኳኳ፣ አረንጓዴውን እንዲያልፍ ታዘዘ። ደንቡ ሲነበብ ያማረ ነው። የወጣው ግን «እንዴት ነህ?» ሲባል «ደህና አይደለሁም» ብሎ ለሚመልስ ሕዝብ ነው።

3. ሰኞ ጥቅምት 19 ቀን ወደ ማታ መብራት ጠፋ። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ስለሚቆም ከሦስተኛ ፎቅ በላይ ውሃም ጠፋ። እኔ በመመሪያው መሠረት የገላ መታጠቢያውን ገንዳ አስቀድሜ ሞልቼ ነበር። ሆኖም ውታፉ አርጅቶ ኖሮ ሲነጋ ፊት የሚያስታጥብ እንኳ አልቀረልኝም። ይህም ሆኖ አረንጓዴ ለጠፍኩ። ሳምንቱን ሙሉ ጎረቤቱን ስለ ውሃ ስገሥጽ ሰንብቼ ውሃ አለቀብኝ ማለት ስላቃተኝ ነው። ጥፋቴን ራሴ ካልነገርኳችሁ የሚነግራችሁ ስለሌለ እዚህ ላይ አስፍሬዋለሁ።

4. ማክሰኞ ጠዋት በሦስት ሰዓት ሥራዬን ጀመርኩ። በአራተኛ ፎቅ አሥራ ስድስት በር አለ። አሥራ ስድስቱም አረንጓዴ ለጥፏል። ውሃም መብራትም በሌለበት ፎቅ አንድም የተቸገረ ሰው አልተገኘም። የራሴን በር ዞር ብዬ አየሁና ሁሉንም ከዳር ማንኳኳት ጀመርኩ።

5. አቶ ንጉሡ ከሌሊት ሥራ ገብቶ ተኝቶ ስለነበር በአንድ እግሩ ካልሲ ብቻ ወጥቶ «ጋሽ አያሌው፣ አረንጓዴው አይታይዎትም?» አለኝ። «ወረቀቱን አይቻለሁ፤ አንተን ነው ያላየሁት» አልኩት። በሩን ዘጋብኝ፤ በማግሥቱም ለኮሚቴው ከሰሰኝ። መኖሩን ስላረጋገጥኩ ክሱን አልቃወምም።

6. በቁጥር 409 የሚኖሩት ወይዘሮ ፀዳለ የሳንባ ሕመምተኛ ናቸው። በኤሌክትሪክ ከሚሠራ የኦክስጅን መሣሪያ አይለዩም። ሳንኳኳ ሳይከፍቱ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አሉ። ወይዘሮ ፀዳለ ሰላምታ ሲሰጡ እኔን ጠይቀው፣ እዚህ ቅርብ አሌክሳንድሪያ ያለችውን ልጄን ጠይቀው፣ ልጆቿን በየስማቸው አዳርሰው፣ ጉልበቴንና መኪናዬን ሳይጠይቁ አይለቁኝም። የዚያን ቀን ልጄ ላይ ሲደርሱ ዝም አሉ። በሩን እንዲከፍቱ አዘዝኳቸው። መሣሪያው መብራት ከጠፋ ጀምሮ ቆሟል፤ የመጠባበቂያው ሲሊንደር መርፌ ዜሮ ሊነካ ምንም አልቀረው። ከንፈራቸው ጠቁሯል። 911 ደውዬ መስመር ላይ ሳለሁ ቀዩን ያልለጠፉት ለምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «በማለዳ ቀይ ሰቅዬ ጎረቤት ላስደንግጥ?» አሉ። ሆስፒታል ሁለት ቀን ተኝተው በሰላም ተመልሰዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል የሰማሁት ልጅ ሆኜ ነው፤ አረንጓዴ ወረቀት የሚያድል ኮሚቴ ይመጣል ብዬ ግን አልጠበቅሁም።

7. በስንብት ደብዳቤው የተገለጸው ጥፋቴ፣ እኔ አረንጓዴ በር ሳንኳኳ፣ ቀጥዬ ልደርስበት ይገባኝ በነበረው በአምስተኛ ፎቅ ቀይ የለጠፈች ነዋሪ አርባ ደቂቃ መጠበቋ ነው። እውነት ነው። ነዋሪዋ ሄኒ የምትባል እዚህ ያደገች ልጅ ስትሆን፣ የፈለገችውም የስልክ ቻርጀር ነበር። ብትስቁባት ትሳሳታላችሁ። በሕንፃው ውስጥ የጎደላትን በግልጽ የተናገረች እርሷ ብቻ ናት፤ እኛ ሽማግሌዎቹ ከእርሷ መማር ይገባናል። ስለዘገየሁባት ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። ስላንኳኳሁት በር ግን ይቅርታ አልጠይቅም።

8. ስለዚህ የሚከተለው እንዲወሰንልኝ በአክብሮት አመለክታለሁ፦

ሀ. ሁለቱም ወረቀቶች መታደላቸው እንዲቀር። አውሎ ነፋስ ሊመጣ ሲል «ደህና ነዎት?» ተብሎ አይጠየቅ፤ መልሱ የታወቀ ነው። በምትኩ «በመብራት የሚሠራ የሕክምና መሣሪያ አለዎት? ለሦስት ቀን የሚሆን የመጠጥ ውሃ የት አስቀመጡ? ደረጃ መውረድ ይችላሉ?» ተብሎ ይጠየቅ። ውሃ አለኝ ያለም ያሳይ፤ ገንዳ ሞልቻለሁ ያለ ውታፉ ይታይለት።

ለ. ነፋሱ ካለፈ በኋላ በጎ ፈቃደኛው የእያንዳንዱን ነዋሪ ፊት ሳያይ ከፎቁ እንዳይወርድ። የአቶ ንጉሡን በር የማንኳኳው እኔ ራሴ እሆናለሁ።

ሐ. የወይዘሮ ፀዳለ ስም የሕክምና መሣሪያ ባላቸው ደንበኞች ዝርዝር እንዲገባ ኮሚቴው ለመብራት ኩባንያው በዚህ ሳምንት እንዲጽፍ። ይህ የአውሎ ነፋስ ወቅት እስኪመጣ ለሰኔ የሚቀጠር አይደለም፤ በረዶም መብራት ያጠፋል።

መ. ወደ አራተኛ ፎቅ ሥራዬ እንድመለስ።

ክብርት ሰብሳቢ፣ እርስዎ ለዚህ ሕንፃ የደከሙትን አውቃለሁ፤ ደንቡንም ያወጡት በቅን ልቡና ነው። ውሳኔው በጽሑፍ እንዲደርሰኝ እጠይቃለሁ። መልሱ እምቢታ ከሆነ ግን ከአሁኑ ላስታውቅዎ የምወደው ነገር አለ፦ በሚመጣው አውሎ ነፋስ አሥራ ስድስቱንም በር የማንኳኳው እንደ በጎ ፈቃደኛ ሳይሆን እንደ ጎረቤት ይሆናል። ከጎረቤትነት የሚያሰናብት ደብዳቤ ኮሚቴው ካለው ይላክልኝ፤ እርሱንም ሁለት ጊዜ አነብበዋለሁ።

ከአክብሮትና ካልተቋረጠ ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
አያሌው ወልደአምላክ
ቁጥር 412፣ አራተኛ ፎቅ