ለሜላት ወንበሩን የገጠምኩ ዕለት

አባዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ሊሞላ ነው። ሰፈራችን ለልማት ፈርሶ፣ እማዬ ካረፈች በኋላ ያገባሃት ሰናይትና ትንሿ ልጅህ ሜላት ራቅ ያለ ኮንዶሚኒየም ገብተዋል። እኔ እዚሁ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ተከራይቼ ቀረሁ። መኪናህን አሁን የምትነዳው ሰናይት ናት። በቀደም ደውላ፣ «እህትህን ትምህርት ቤት ላመላልሳት ነው፤ የልጅ ወንበር መርጠህ ግጠምልኝ» አለችኝ።

«እህትህ» ስትለኝ አሁንም ይቆረቁረኛል። እኔን የሚያህል ጎረምሳ በሦስት ዓመት ልጅ ሲቀና ነውር መሆኑ አይጠፋኝም። ግን እኔን ከአትክልት ተራ በፒክአፕ ስትመልሰኝ ከኋላ፣ ቲማቲም ሳጥን ላይ ነበር የምታስቀምጠኝ። ጉድጓድ ሲመጣ «ያዝ!» ትለኛለህ፤ በቃ። እሷን ይዘህ ስትነዳ ግን እግረኛ ይቀድምህ ነበር አሉ።

ወንበር ፍለጋ ዞርኩ። ያገለገለ በርካሽ አገኘሁ፤ አደጋ ደርሶበት እንደሆነ ሻጩም ስለማያውቅ ተውኩት። ለክብደቷና ለቁመቷ የሚሆን አዲስ ገዛሁ። ቅዳሜ ሰናይት መኪናዋን ደጄ አቆመች። ወንበሩን ከኋላ መቀመጫ ላይ አስቀምጬ የመኪናውን ቀበቶ መመሪያው ባሳየው ቀዳዳ አሳልፌ ቆለፍኩት። ሳወዛውዘው ወዲያ ወዲህ ተንሸራተተ። እውነቱን ልንገርህ? «ይበቃታል፤ እኔ ሳጥን ላይ አድጌ የለ!» አልኩ በሆዴ። በሩን ልዘጋው ስል ሜላት አዲሱን ወንበር እንዳታቆሽሽ ጫማዋን አውልቃ ታቅፋ፣ ለመቀመጥ ተራ ትጠብቃለች። አገጯ ቁርጥ አንተን።

ፈትቼ እንደገና ጀመርኩ። ወንበሩን በጉልበቴ ተጭኜ ቀበቶውን አልሳብ እስኪል ሳብኩት። አሁን ንቅንቅ አላለም። ወፍራም ጃኬቷን አስወልቄ አስቀመጥኳት፤ የትከሻዋን ማሰሪያም በጣቴ ልቆነጥጠው ስሞክር እስኪያመልጠኝ ድረስ አጠበቅኩላት።

«አባዬ ሲነዳህ ላንተም ይዘፍንልህ ነበር?» አለችኝ።

ስትዘፍን ሰምቼህ አላውቅም። ከሁሉ የቆጨኝ ይሄ ነው።

«አዎ» አልኳት።

«እንግዲያ አብረን!» ብላ ጀመረች። ዘፈኑን አላውቀውም። ከንፈሬን ብቻ አንቀሳቀስኩ።

አባዬ፣ ቅናቴ ገና አልለቀቀኝም። ያሳደገኝን አባት እስካለሁ አልረሳውም። የሚዘፍነውን አባት ደግሞ አላገኘሁትምና፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ ከእሷ እማረዋለሁ።

የበኩር ልጅህ