ጉዳዩ፦ የአውራ ጣቴ ጫፍ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

ለተከበሩ ዋና ሥራ አስኪያጅ
በእጅ የሚሠሩ የፀሐይ መነጽሮችና የክብር ጌጣጌጦች ድርጅት
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የቤተሰብዎንና የአሥሩንም ጣቶችዎን ጤንነት ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከዘጠኝ ተኩል ጣቶቼ ጋር ደህና ነኝ። በድርጅትዎ ውስጥ አሥራ ስምንት ዓመት የቀንድ ፍሬም በሞረድ ሳለሰልስ የኖርኩ፣ ከሁለት ዓመት ወዲህ ደግሞ በገዛ ቤቴ አንዲት ክፍል ውስጥ የሰፈሩን መነጽር የምሠራና የምጠግን ሰው መሆኔን ምናልባት ቢረሱት ብዬ አስታውስዎታለሁ።

ያለፈው ሐሙስ ጠበቃዎ የላኩልኝ ባለ ሦስት ገጽ ደብዳቤ ደርሶኛል። ወረቀቱ ወፍራም፣ ማኅተሙ ሁለት፣ አማርኛው የታጠበ ነበር። ባለቤቴ ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ፤ በመጀመሪያው ያመለጠን ነገር ቢኖር ብለን ነው እንጂ ሁለተኛውም የሚለው ያንኑ ነው። በቤቴ የምሠራቸው መነጽሮች፣ ጆሮ ላይ በሚያርፈው በግራ ዘንጋቸው ውስጠኛ ጎን፣ የሩዝ ፍሬ የምታክል ሰያፍ ጭረት አለችባቸው፤ ይህችም ጭረት «የእጅ ትንፋሽ» ተብላ የተመዘገበች የድርጅትዎ የንግድ ምልክት ናት፤ ስለዚህ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ሥራዬን እንዳቆም፣ ጭረቷ ያለችበትንም በእጄ የሚገኝ ማናቸውንም መነጽር ጠበቃው ባሉበት ሰባብሬ እንዳስወግድ፣ አለዚያ ግን ፍርድ ቤት እንደምገተር ያስረዳል። እኔም ለዚህ ሁሉ ድካማችሁ ዝም ማለት ነውር ነው ብዬ ምስጋናዬን በቁጥር ለማቅረብ ተነሣሁ። ይህን ደብዳቤዬን ግልጽ ያደረግሁት የእርስዎ ጥበቃዎች የታሸገውን ስለማይቀበሉኝ ነው።

አንደኛ፣ ስለ አውራ ጣቴ አመሰግናለሁ። ቀንድ በሚሰነጠቅበት መጋዝ ላይ ጣት እንዳይገባ የሚከልል ክዳን ነበር። የፈረቃው አለቃ ክዳኑ ሥራ ያጓትታል ብለው አስፈቱት፤ እኛም ተው አላልናቸውም፣ ማን ደፍሮ! በሦስተኛው ሳምንት የቀኝ አውራ ጣቴ ጫፍ ከነጥፍሩ ሄደ። በአደጋ መዝገቡ ላይ «በሠራተኛው ግድየለሽነት» ተብሎ ተጻፈ፤ ክዳኑም በማግሥቱ ተመልሶ ተገጠመ። እርስዎ ግን ርኅሩኅ ነዎትና ሆስፒታል ድረስ ፎቶ አንሺ አስከትለው መጡ፤ ያልታሸገውን እጄን ጨብጠው፣ ይህ ቤት እስካለ ድረስ ይህ እጅ ሥራ አያጣም ብለው ቃል ገቡልኝ። ባለቤቴ አለቀሰች፤ እኔም ሞኙ አለቀስኩ። ፎቶው ዛሬም በድርጅትዎ መግቢያ ላይ ተሰቅሏል ብለውኛል።

ሁለተኛ፣ ስለ ሦስቱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎች አመሰግናለሁ። ለእርስዎ ሙያውን ማስረዳት ድፍረት ቢሆንብኝም አንባቢ እንዲገባው ልበል፦ ዘንጉ በሞርሳ ከተያዘ በኋላ የመጨረሻው ማለስለስ የእጅ ሥራ ነው። ቀኝ እጅ ሞረዱን ይገፋል፤ የዚያው እጅ አውራ ጣት ከላይ ተጭኖ መንገዱን ያስይዘዋል። የኔ አውራ ጣት እዚያ አይደርስም። የቀኙ ዘንግ ወደ ጆሮ ሲታጠፍ ወደ እኔ ስለሚመጣ ይታዘዘኛል፤ የግራው ግን ይሸሸኛል፤ ሞረዱም ማጠፊያው ላይ ሲደርስ ሸርተት ይልና ቀንዱን አንዴ ንክስ ያደርገዋል። ጭረት የተባለችው እንግዲህ ያቺ ናት። አለቃው በጊዜው ብልሽት ነበር ያሏት፣ በጽሑፍም ሦስት ጊዜ ነግረውኛል። ሦስተኛውን ስቀበል እጄ አመድ አፋሽ መሆኑን አምኜ ካፖርቴን ከመስቀያው አውርጄ ነበር።

በዚያው ሳምንት አንዲት ባለጸጋ ደንበኛ በሱቅዎ ውስጥ መነጽር ገልብጠው ሲያዩ ይህ ጭረት ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። ሻጯ ምላሷ የተሳለ ነው፤ ዓይኗን በጨው አጥባ፣ እትዬ፣ ይህማ ሠሪው በገዛ እጁ ለመሥራቱ የተወው ምስክር ነው፣ በሌላ ቤት አያገኙትም አለቻቸው። እሳቸውም ሦስት ገዝተው ሄዱ። በወሩ በወጣው ካታሎግ ላይ ብልሽቴ «የእጅ ትንፋሽ» ተብላ ሙሉ ገጽ ያዘች፤ አለቃውም ጠርተውኝ፣ ጭረት የሌለበት ዘንግ እንዳያወጡ ጓዶችህን አስተምር አሉኝ። ጤነኛ አውራ ጣት ያላቸው ሁሉ በጤንነታቸው ተወቀሱ። አጠገቤ የሚሠራው፣ አፍንጮ የምንለው ቀልደኛ፣ የመጋዙን ክዳን ፍቱልንና ሁላችንም እንሠልጥን ብሎ ማመልከቻ ሊጽፍ ነበር፤ አፍ ሲያመልጥ አይታወቅምና ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም።

ሦስተኛ፣ ዘንጉን ከነጭረቷ እንዲያወጣ ስላስመጣችሁት ማሽን አመሰግናለሁ። ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት አንድ መሐንዲስ ሁለት ሳምንት አጠገቤ ተቀምጦ ሁለት መቶ አርባ ጭረቶቼን በአጉሊ መነጽር ለክቶ አማካዩን አወጣ። በጣም ጨዋ ሰው ነበር፣ ሻይ እንኳ ጋብዞኛል። ማሽኑ ሥራ በጀመረ በወሩ የኔ ዘንጎች በጥራት ቁጥጥር ይወድቁ ጀመር፤ አንዷ ጭረት ረዘም አለች፣ አንዷ ጠለቅ አለች፣ ከደረጃው ጋር አትመሳሰልም ተባለ። የስንብት ደብዳቤዬ ዛሬም ፊቴ ተቀምጧል፤ «የድርጅቱን መለያ ምልክት በወጥነት ማውጣት ባለመቻሉ» ይላል። ክቡር ሆይ፣ ሰው ሌላውን መምሰል አቅቶት ሲባረር ሰምቻለሁ፤ ራሱን መምሰል አቅቶት የተባረረ ግን እኔ የመጀመሪያው ሳልሆን አልቀርም። በሣጥኑ ላይ አሁንም በወርቅ ቀለም «በእጅ የተሠራ» ይላል አሉ። ይሁን፤ የማሽኑን ቁልፍ የሚጫነውም ጣት ነውና ውሸት ነው ልል አልችልም።

አራተኛ... እዚህ ላይ ቁጥሩን ልተወው፣ ምክንያቱም ምስጋናው አለቀብኝ። አሁን የምጽፈው ተናድጄ ነው።

የጠበቃዎን ደብዳቤ ለማክበር ያልሞከርኩት የለም። በግራ እጄ ሞከርኩ፤ ዘንጉ አይጥ የበላው መሰለ። ባለቤቴ ከአሮጌ ቦርሳ ቆዳ ቆርጣ እንደ ቆብ ሰፍታ ጣቴ ላይ አጠለቀችልኝ፤ ቆዳ ምን ስሜት አለው? ጭረቷ ሁለት ሆነች። ጭረቷን በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ ላጥፋት ብዬ ስታገል ደግሞ ዘንጉ ሳስቶ እጄ ላይ ለሁለት ተሰበረ። እሱ የጎረቤታችን የልብስ ሰፊዋ መነጽር ነበር። ሴትዮዋ ያለ መነጽር ክር በመርፌ ማስገባት አትችልም፤ ሌላ እስክሠራላት ሦስት ቀን የስፌት መኪናዋን ሸፍና ተቀመጠች፣ አንድም ክፉ ቃል ሳይወጣት። ባለቤቴ ግን ክፉ ቃል ወጥቷታል፤ ስለ እርስዎ የተናገረችውን እዚህ መጻፍ የደብዳቤውን ጨዋነት ስለሚያጎድፍ ትቼዋለሁ።

እኔ ሌላ ሙያ የለኝም። በሃምሳ ሦስት ዓመቴ ሞረድ አስቀምጥ ብባል የምይዘው ምንድን ነው? ከሰውነቴ የጎደለው ሥጋ የእኔ ሆኖ፣ የጎደለበት ቦታ የእናንተ ንብረት ነው ስትሉኝ በቁስሌ ላይ እንጨት እየሰደዳችሁ መሆኑ እንዴት አይገባችሁም? ቆርጣችሁ ወሰዳችሁ፣ በቆረጣችሁት ቀጣችሁኝ፣ በቀጣችሁበት ነገዳችሁ፣ በነገዳችሁበት አባረራችሁኝ፤ አሁን ደግሞ ሌባው እኔ ሆኜ አረፍኩት። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ የሚባለው ለካ ለእንዲህ ያለው ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ አንድና አጭር ነው። ጠበቃዎ የሚፈልጉት ጭረቷ እንድትቆም ነው። ጭረቷን የምታቆመው የአውራ ጣቴ ጫፍ ናት። ጫፏ ደግሞ የቀረችው ከእናንተ ዘንድ፣ ከመጋዙ ሥር ነው። ፈልጋችሁ ብትመልሱልኝ፣ በማግሥቱ አንድም ጭረት የሌለበት ዘንግ ሠርቼ በነጻ እልክላችኋለሁ። ካልተገኘች ግን እኔ እያለሁ እጄን አላቆመውም፤ ዳኛውም ፊት ቆሜ ያንኑ እጅ አንሥቼ ነው የምምለው።

በሬ በቀንዱ፣ ሰው በቃሉ ይታሰራል ይላሉ ትልልቆቹ። እኔ አሥራ ስምንት ዓመት ቀንድ ሳለሰልስ አንድ ቀን እንኳ ቃል የሚለሰልስ አልመሰለኝም ነበር። እርስዎ ሁለቱንም አለስልሰው፣ አብለጭልጨው፣ በሣጥን አድርገው ሸጧቸው። ለዚህ ጥበብዎ አድናቆቴ የማያልቅ ነው።

በመጨረሻም ሰዓትዎን ስለወሰድኩ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ዕድሜና ጤና እየተመኘሁልዎ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ። እኔ እጅ ስነሣ ሰላምታ ነው፤ እርስዎ እጅ ሲነሡ የእውነት መሆኑን ግን ሁለታችንም እናውቃለን።

የቀድሞ ሠራተኛዎ፣ የነገ ተከሳሽዎ፣
የ«እጅ ትንፋሽ» ባለ እጅ

ሳልረሳው፦ ባለፈው ሰኞ፣ ማለትም የጠበቃዎ ደብዳቤ ከመድረሱ ከሦስት ቀን በፊት፣ ሹፌርዎ አንድ መነጽር በመሐረብ ጠቅልለው ቤቴ መጥተው ነበር። የጌታዬ ነው፣ በማሽን የተሠራው የግራ ዘንግ በሁለተኛ ወሩ ማጠፊያው ላይ ተሰነጠቀ፣ ድሮ አንተ የሠራህላቸው ዓይነት ካልሆነ አልፈልግም ብለዋል፣ ብቻ አደራህን ለማንም እንዳትናገር ብለው ለመኑኝ። ዘንጉን ከደህና ቀንድ አውጥቼ ሠርቼዋለሁ፤ አምሮበታል። ከዚያ የጠበቃዎን ትእዛዝ አክብሬ ቤቴን ጥግ ለጥግ ፈተሽኩ፤ የሌላውን ሁሉ ባለቤቶቹ ወስደውታል። ጭረቷ ያለችበት፣ በእጄ የሚገኝና ተሰባብሮ መወገድ ያለበት መነጽር አንድ ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። ከሹፌርዎና ከጠበቃዎ ማን ቀድሞ እንደሚመጣ ቢያሳውቁኝ፣ ለአንደኛው መነጽሩን፣ ለሁለተኛው መዶሻውን አዘጋጅቼ እጠብቃለሁ።