ቁጥሮቹ አንድ ሆነው ተገኙ

ሰኞ፣ የካቲት 2 ቀን 2007፤ ጭሮ

ደብተሬ፣ መብራት እንደገና ጠፋ። የመጣው ረፋድ 4 ሰዓት። ሰርቨሩ ተነሣ፤ የውጤት ሲስተሙ ግን እምቢ። የምዝገባ ቀን ነው። ሰልፉ እስከ ኮሌጁ በር ደርሷል። የገለምሶና የበደሳ ተማሪዎች መኪና ሊያመልጠን ነው እያሉ ይጮሃሉ። ሬጅስትራሩ ጀማል በየአምስት ደቂቃው ይደውላል። እኔ በምመራው የኮምፒውተር ክፍል የምትሠራው ሀዊ የለችም፤ አጎቷን ልትቀብር ትናንት ሚኤሶ ወርዳለች። ብቻዬን ታገልኩ፣ አስነሣሁት። ሁሉም ተመዝግቦ ሄደ። ደክሞኛል።

ረቡዕ፣ የካቲት 4

ተናድጃለሁ። ጀማል ሳያንኳኳ ገባ። አንድ ተማሪ በምዝገባ አዳራሹ ኮምፒውተር የውጤት ማስገቢያውን ገጽ ከፍቶ አገኘው። ነጥብ አልተነካም። ግን ያ ገጽ ከውጤት ክፍሉ ውጭ መታየት የለበትም! ጀማል ደግሞ ይስቃል። «ወላሂ፣ የመምህራን ሻይ ክበብ እንኳ እንዲህ በቀላሉ አይገባበትም።»

ምዝገባና ውጤትን በአንድ ሰርቨር ላይ፣ ኮንቴይነር በሚባል የሶፍትዌር አጥር ለየብቻ ያስቀመጠችው ሀዊ ናት። አንድ ግቢ ውስጥ እንደታጠሩ ሁለት ቤቶች ማለት ነው፤ አንዱ የሌላውን ጓዳ አያይም። አጥሩን ሳትሠራ ሠራሁ ብላኛለች። ግድየለሽነት አልወድም። ኮንትራቷ እንዳይታደስ ለዲኑ ጻፍኩ። ዓርብ ስብሰባ ላይ ይወሰናል።

ሐሙስ፣ የካቲት 5፤ 9 ሰዓት

ሀዊ መጣች፤ ጥቁር ሻሽ አስራለች። ነፍስ ይማር አልኩና የደብዳቤውን ቅጂ ሰጠኋት። አነበበች። አላለቀሰችም። «እኔን ከሚጠይቁ ሰርቨሩን ይጠይቁት» አለች። «እሱ ይሉኝታ የለውም፣ ጋሼ።»

ከዚያ አሳየችኝ። ሃያ ምናምን ዓመት በዚህ ሙያ ስኖር ይህን ማህደር ከፍቼ አላውቅም፤ ማፈሬን ልጻፈው። ፕሮክ ይባላል። ዲስክ ላይ የለም፤ ስትጠይቀው ከርነሉ፣ የሰርቨሩ እምብርት የሆነው ፕሮግራም፣ እዚያው ይፈጥርልሃል። ለሚሠራው ፕሮግራም ሁሉ አንድ ማህደር። በውስጡ ኤን-ኤስ የሚል ሌላ ማህደር። በውስጡ የአጥሮቹ ዝርዝር፦ የኔትዎርክ፣ የፋይል፣ የፕሮግራም፤ እያንዳንዱ በቁጥር። የሁለት ፕሮግራሞች ቁጥር ከተለያየ አጥር አለ። አንድ ከሆነ አብረው ይኖራሉ። አለቀ! ልዩ መሣሪያ የለ፣ ፈቃድ የሚሸጥ ኩባንያ የለ። እንደ ማንኛውም ፋይል ዘርዝረህ ታነባለህ። ይህን ያሰበ ሰው እጁ ይባረክ። እኛ ቢሮ አንዲት የንብረት ዝርዝር ለማየት ሦስት ፊርማ ያስፈልጋል።

የምዝገባው ኔትዎርክ የራሱ ቁጥር አለው። የሀዊ አጥር ቆሟል፤ ንጹሕ ሥራ። የውጤቱ ቁጥር ግን ከራሱ ከሰርቨሩ ጋር አንድ ነው፤ አጥር የለውም፣ ሰርቨሩን የሚያገኝ ኮምፒውተር ሁሉ ያየዋል። ፕሮግራሙ የተነሣበትን ሰዓት አየሁ። ሰኞ 10፡25 ይላል። በእኛ 4 ሰዓት ከ25።

ሀዊ መስኮቱን አየች።

ሰኞ በዚያ ሰዓት እሷ ሚኤሶ ቀብር ላይ ነበረች። ክፍሉ ውስጥ የነበርኩት እኔ። የውጤት ሲስተሙ አላገናኝ ሲለኝ፣ ልጆቹ ሲጮሁ፣ አጥሩን ትቶ የሰርቨሩን ኔትዎርክ እንዲጠቀም አዝዤ አስነሣሁት። «ለጊዜው» ብዬ። ከዚያ ረሳሁት።

ዓርብ፣ የካቲት 6፤ ጧት 2 ሰዓት ተኩል

ሀዊ ትናንት አጥሩን መለሰችው። ቁጥሮቹ ተለያይተዋል። ራሴ ሁለቴ አየሁ።

ደብዳቤውን በጸጥታ ማንሣት እችላለሁ። «ቴክኒካዊ ችግር» የምትባል ምቹ ሐረግ አለች፤ ማንም አይጠይቅም። ጀማልም አይስቅም። ግን ስሟ ዲኑ ጆሮ ውስጥ እንደቆሸሸ ይቀራል።

አዲስ ጻፍኩ። አጥሩን ያፈረስኩት እኔ፣ ከነሰዓቱ። ኮንትራቷ እንዲታደስ፣ ሰርቨሩን ከእንግዲህ እሷ እንድትመራው። ስብሰባው 3 ሰዓት ነው። ሀዊም እንድትገባ ነግሬያታለሁ። ወረቀቱን ለዲኑ ሰጥቼ አልወጣም፤ ቆሜ፣ በእሷ ፊት አነበዋለሁ።